ብርሃኑ ደጃችሁ የሚደርሰው ስንት ሰዓት ነው? ግቢንና ሰፈርን በስልክ ካሜራ ለማንሳት

ፎቶ ማንሳት ሲታሰብ ብዙ ሰው ልቡ የሚሄደው ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ስሜን ተራሮች ነው። ጓዳ ያለውን ጀበና፣ ደጅ የተሰጣውን በርበሬ፣ ዝናብ ያጠበውን ኮብልስቶን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንድ ቀን ቢነሳም ደብዝዞ ይወጣና «ይሄ ደግሞ ምኑ ይነሳል?» ተብሎ ይሰረዛል። ጥፋቱ የጀበናው አይደለም፤ የተነሳው ብርሃን በማይደርስበት ሰዓት ነው። ሁልጊዜ ዓይናችን ሥር ያለ ዕቃ አምሮ የሚታየው በቀን ለሃያና ለሠላሳ ደቂቃ ነው፤ አንዳንዱማ በዓመት ከሁለት ወር በላይ አይታይም። ያንን ሰዓት ያወቀ ሰው በመናኛ ስልክም ያነሳዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚበዛው ስለ ብርሃን ነው፤ የስልኩን ቅንብር የምንነካው ሲያስፈልግ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሌንሱን ጥረጉ። ኪስና ቦርሳ ውስጥ የሚውል ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አያጣም፤ ቅባቱ ፎቶውን ጭጋግ ያለብሰዋል፣ ማታ ደግሞ ከእያንዳንዱ አምፖል ረጅም የብርሃን ጭረት ያወጣል። ንጹሕ የነጠላ ጫፍ ይበቃል። «ካሜራው ተበላሸ» ተብሎ ጥገና ቤት ከሚሄደው ስልክ ጥቂት የማይባለው መጥረግ ብቻ የሚያስፈልገው ነው።

የፀሐይን መንገድ ማወቅ

በፎቶ ትምህርት ቪዲዮዎች ላይ «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ቀጥታ ፀሐይ አይገባበትም፤ ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል» ሲባል ትሰማላችሁ። ለለንደንና ለዋሽንግተን ከሞላ ጎደል ትክክል ነው፤ ለአዲስ አበባ ግን አይደለም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ገደማ፣ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። በመካከል ባሉት በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ በደቡብ በኩል። ጎንደርና መቀሌ ወደ ሰሜን ስለሚርቁ ሁለቱ ቀኖች ይቀራረባሉ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

መውጫዋም ቦታ ይቀይራል። ሰኔ ላይ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ ላይ የዚያኑ ያህል ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት መደቡን ያደምቅ የነበረው ጨረር ሰኔ ላይ ጭራሽ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ጎረቤት ፎቅ ስለተሠራ ብቻ አይደለም፤ ምንም እንኳ አሁን አሁን እሱም ትልቅ ምክንያት ቢሆንም።

የቤታችሁን ብርሃን ለማወቅ አንድ የዕረፍት ቀን ይበቃል። በስልካችሁ ኮምፓስ የዋናው በርና የየመስኮቱ ፊት ወዴት እንደሚያይ መዝግቡ። ከዚያ በ1፣ በ3፣ በ5፣ በ8፣ በ10 እና በ11 ሰዓት ተኩል ቤቱንና ግቢውን አንዴ ዞራችሁ ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ሁሉ አንድ አንድ አንሱ። ለቁም ነገር የሚሆን ፎቶ አትፈልጉ፤ ማስታወሻ ነው። ስልኩ ሰዓቱን ራሱ ይመዘግብላችኋል፤ የፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ስድስት ሰዓት እያስተካከላችሁ አንብቡት። ይህንኑ በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ ብትደግሙት በእጃችሁ የቤታችሁ የብርሃን ካሌንደር ይኖራል። «የወጥ ቤቱ ግድግዳ፣ ታኅሣሥ፣ 1 ሰዓት ከሃያ» ብሎ የጻፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቡናውን የት እንደሚያስፈላ ያውቃል።

ስለ ጠዋትና ማታ ወርቃማ ብርሃን ብዙ ይባላል፤ እኛ ዘንድ አጭር መሆኑ ግን አይነገርም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስትወጣ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በ40 ደቂቃ ገደማ 10 ዲግሪ ከፍ ትላለች፣ ከዚያ በኋላ ወርቃማነቱ ያልቃል። ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰማያዊ ብርሃንም ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ቦታችሁን ቀድማችሁ መርጣችሁ፣ ዕቃውን አስቀምጣችሁ መጠበቅ አለባችሁ እንጂ ብርሃኑ ሲያምር አይቶ ስልክ ፍለጋ መሮጥ አያዋጣም። ስቶክሆልም ያለ ሰው ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ የቀትር ፀሐይ ከአድማሱ 7 ዲግሪ ብቻ ስለምትነሳ፣ ሰማዩ ጠርቶ ከተገኘ፣ ቀኑን ሙሉ ያለው የማለዳ ብርሃን ነው። ዱባይ ወይም ጅዳ ያላችሁ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ከኤሲ ክፍል ስትወጡ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳትነኩት እስኪሞቅ ጠብቁ፤ ቶሎ ቶሎ ብትጠርጉት ተመልሶ ያልበዋል።

ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ደጋ ላይ ጨካኝ ነው። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ሲሆን አየሩ ስስ ስለሚሆን ጥላው ይጠቁራል፤ የሰው ዓይን ሥር ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል፣ ነጭ ግድግዳ ደግሞ ይነድዳል። በዚህ ሰዓት ደጅ ሰው አታንሱ። ወደ ቤት ግቡ።

በር እንደ ስቱዲዮ

የአንድ ክፍል ቤት በር ከብዙ ስቱዲዮ መብራት ይሻላል፤ ትልቅ ነው፣ ከአንድ ጎን ብቻ ያበራል፣ ነፃ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ አምፖሉን አጥፉ። አምፖሉ እንደበራ ከቀረ ፊት በአንድ ወገን ቢጫ በሌላ ወገን ሰማያዊ ይሆናል፣ ይህን ደግሞ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው። የሚነሳውን ሰው ወይም ዕቃ ከደፉ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሰው ከሆነ ፊቱን ወደ በሩ ግማሽ ያህል ያዙር። እናንተ በሩን በጎናችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። ከበሩ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ፈጥኖ ስለሚቀንስ ከኋላ ያለው ቁም ሳጥን፣ የተደራረበው ፍራሽ፣ የተንጠለጠለው ዘንቢል ሁሉ በራሱ ጊዜ ይጨልምላችኋል። ቤት ማጽዳት ሳያስፈልግ ማለት ነው።

ቀጥታ ፀሐይ በበሩ ከገባ ሁለት ምርጫ አለ። ፀሐዩ ወለሉ ላይ እንጂ ፊት ላይ እንዳያርፍ ሰውየውን ወደ ውስጥ ፈቀቅ ማድረግ፤ ወይም በበሩ ላይ ነጠላ መዘርጋት። ነጠላ ጨረሩን በትኖ ለስላሳ ያደርገዋል። በጥላው ወገን ያለው ጉንጭ በጣም ከጠቆረ ሌላ ነጭ ጨርቅ ከፊቱ ግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያዙለት፤ ብርሃን ይመልስለታል። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ከሆነ ያው ቀለም ጉንጭ ላይ ይመለሳል፤ ሰውየውን ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል አርቁት።

ዋናው የስልክ ካሜራ ሰፊ ስለሚያይ ከግማሽ ሜትር ርቀት ፊት ሲያነሳ አፍንጫ ያሳድጋል። 1.5 ሜትር ራቁና 2 እጥፍ የሚለውን ተጠቀሙ፤ ከዚያ በላይ ዙም ማድረግ በርካሽ ስልክ ላይ ምስሉን ያደቅቀዋል። የውበት ማጣሪያ የሚባለውን አጥፉት። በአንዳንድ ስልኮች ሲገዛ ጀምሮ ተከፍቶ ነው የሚመጣው፤ ጠይም ፊት ያነጣል፣ የእናትን መጨማደድ ይሰርዛል።

ቡና ሲፈላ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከቡና ሥነ ሥርዓት የበለጠ ካሜራን የሚያሳስት ነገር ቤት ውስጥ የለም።

ካሜራ የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ጥቁር ጀበና ስክሪኑን ሲሞላው «ጨልሟል» ብሎ ያደምቀዋል፤ ጀበናው አመድማ ሆኖ ይወጣል። የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ስክሪኑን ሲሞሉት ደግሞ «በዝቷል» ብሎ ያጨልማል፤ ነጠላው ይቆሽሻል፣ የለባሿም ፊት ይጠቁራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስክሪኑን ስትነኩ ከጎን የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ጎትቱ። ለጀበና ወደ ታች፣ ቁጥር የሚያሳይ ስልክ ከሆነ ከ-0.7 እስከ -1፤ ነጠላ ለበዛበት ወደ ላይ፣ ከ+0.3 እስከ +0.7። ሁለቱም አንድ ላይ ካሉ ፊት ላይ ነክታችሁ የነጠላውን ጥልፍ ተመልከቱ፤ የጥበቡ ክር መታየት እስኪጀምር አጨልሙ። ምልክቷን ከመጎተታችሁ በፊት ግን ጣታችሁን ሁለት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ብርሃኑን ቆልፉት፤ ካልቆለፋችሁት እጇን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ካሜራው ሐሳቡን ይቀይራል።

ጭስ ከፊት በሚመጣ ብርሃን አይታይም። የእጣኑም ሆነ የሚቆላው ቡና ጭስ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ወይም ከኋላ ጎኑ ሲመጣና ከበስተጀርባው ጨለማ ነገር ሲኖር ነው። ስለዚህ ረከቦቱን በበሩና በእናንተ መካከል አድርጉት፤ ነገር ግን በሩ ራሱ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ አንድ ርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ። በሩ ከገባ ሁሉም ነገር ይነጣና ጭሱ ይጠፋል። እጣኑ እንደተጨመረ የሚወጣው የመጀመሪያው ጭስ ወፍራም ነው፤ ቆንጆው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀጭኑ ነው፤ ሰው ካልተንቀሳቀሰና መስኮት ካልተከፈተ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በተቃራኒው ቡናው ሲቆላ ማራገቢያው ከመነሳቱ በፊት ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው ምርጦቹ።

ሲቀዳ የሚወርደውን ቀጭን የቡና ክር ለመያዝ ፍጥነት ያስፈልጋል። ፕሮ ሞድ (ቅንብሩን በእጅ የሚያስመርጥ) ያለው ስልክ ላይ ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን የሰከንድ ክፍልፋይ፣ 1/250 ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉ፤ ከሌለው አዝራሩን ተጭናችሁ በመያዝ በተከታታይ አንሱ። ካሜራውን ከሲኒዎቹ አፍ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ከአናት በላይ የሚነሳው ፎቶ ቄጠማውን፣ ፈንዲሻውንና የሲኒዎቹን ክብ ያሳያል እንጂ የጀበናውን አንገት ይገድለዋል። ፖርትሬት የሚባለውን ሞድ ለቡና አትጠቀሙ፤ የሐሰት ማደብዘዣ ስለሆነ የጀበናውን አፍ ጫፍና እንፋሎቱን ከበስተጀርባው ጋር አብሮ ይበላዋል።

ፍላሽ? አጥፉት፤ እዚህ ብቻ አይደለም፣ ለዘለቄታው።

ሸካራ ነገሮች

የእንጀራ ዓይን፣ የመሶብ ስፌት፣ የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ፣ የቆርቆሮ ሞገድ፣ የተጠረበ ድንጋይ፤ እነዚህ ሁሉ አንድ ሕግ አላቸው። ብርሃኑ ገጻቸውን ገረፍ አድርጎ በጎን ሲያልፍ እያንዳንዷ ጉብታ ጥላ ትጥላለች፤ በፊት ለፊት ሲመጣ ጥላው ከጉብታው ጀርባ ይደበቃል፣ የሚቀረው ጠፍጣፋ ቀለም ብቻ ነው። እንጀራን ከመስኮት አጠገብ፣ ከመስኮቱ ደፍ ከፍታ ትንሽ ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና ስልኩን ከመስኮቱ ትይዩ ካለው ወገን ያዙ። የጤፍ እንጀራ ዓይኖቹ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ምጣድ ላይ እያለ ከሆነ አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ሌንሱን ይሸፍነዋል፤ አንድ ሜትር ራቁ፣ እንፋሎቱ ከተነሳ ሁለት ሰከንድ በኋላ ተጫኑ።

ቆርቆሮ በር ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ብርሃን ካልተነሳ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ዝገትና የተላጠ ቀለም ያለበት አሮጌ በር ከአዲስ ይሻላል። የጣሪያ ቆርቆሮ የምስማር ቀዳዳ ካለው ደግሞ ረፋዱ ላይ በውስጥ በኩል የብርሃን በትር ይወርዳል፤ አቧራ ወይም የምድጃ ጭስ ሲኖር በግልጽ ይታያል። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ መንደሩ ሁሉ ጭስ ስለሚሆን ጨረር የሚታየው ከቤት ውጭም ነው፤ ዛፍ ሥር ቆማችሁ ፀሐዩን በግንዱ ከልሉት።

ቀለምና የሚያስቸግሩ ቀለሞች

አደይ አበባ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ቅጠሎቹ ተለይተው አይታዩም፤ አንድ ቢጫ ነጠብጣብ ይሆናሉ። በደማቅ ቢጫና ቀይ ላይ የካሜራው አንድ ቀለም ተቀባይ ቀድሞ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ዝርዝሩ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። የተሰጣ በርበሬም እንደዚሁ። -0.7 አጨልሙ፤ በተቻለ መጠን በደመና ወይም በጥላ ውስጥ አንሱ። አደይን በቅርብ ስታነሱ ስልኩን ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ካስጠጋችሁት ብዙ ስልክ ፎከስ አያገኝም፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁና በኋላ ቆርጣችሁ አቅርቡ። የመስከረም ነፋስ አበባውን ስለማያሳርፈው ማለዳ ሂዱ፣ ጤዛውም ያኔ ነው ያለው።

ሌላው ቀለም አጥፊ ጉሊት ላይ ያለው ጃንጥላ ነው። ቀይ ጃንጥላ ሥር የተቀመጠች ነጋዴ ፊቷ፣ እጇ፣ ሽንኩርቱ፣ ሁሉም ቀይ ነው። ሰማያዊ ሸራ ሥር ሁሉም የታመመ ይመስላል። የነጭ ማስተካከያ (ነጩ ነጭ እንዲመስል ቀለሙን የሚያርመው) ይህን አይፈታውም፤ ምክንያቱም ብርሃኑ ውስጥ ሌሎቹ ቀለሞች የሉም። ከጃንጥላው ጥላ ወጣ ብሎ የተደረደረውን የቲማቲም መደብ አንሱ፤ ወይም ጥቁርና ነጭ አድርጉት፤ ወይም ራሱን ጃንጥላውን፣ ፀሐይ ከኋላው ስትሆን፣ ዋና ነገር አድርጉት።

ክረምት

ብዙዎች ስልካቸውን ሐምሌ ላይ ኪሳቸው ከተው መስከረም ላይ ያወጡታል። የተሳሳተ ነው። ደመና ሰማዩን ሁሉ አንድ ትልቅ ለስላሳ መብራት ያደርገዋል፤ ለሰው ፊት፣ ለቅጠል፣ ለርጥብ ድንጋይ ከዚህ የተሻለ ብርሃን አይገኝም፣ ያውም ቀኑን ሙሉ። ጥፋት የሚሆነው ሰማዩን ፎቶ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይወጣል፣ ሌላውንም ያጨልማል። ወደ ታች እዩ፤ ሰማዩን ቁረጡት።

የዝናብ ጠብታ የሚታየው ልክ እንደ ጭስ ከበስተጀርባው ጨለማ ሲኖር ነው፤ የተከፈተ የጨለማ በር፣ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ጥቁር መኪና። ሹተሩ 1/60 ሲሆን ጠብታው ክር ይሆናል፣ 1/500 ሲሆን ነጠብጣብ። ክሩ ይሻላል፤ ነጠብጣቡ አቧራ ይመስላል። ከጣሪያ ጠርዝ የሚወርደውን ውኃ ከቤት ውስጥ ሆናችሁ ደጁ እየበራ አንሱት፤ ስልካችሁም አይረጥብም።

ዝናቡ ሲያባራ ያሉት አሥር ደቂቃዎች የኮብልስቶን ናቸው። ወደ ብርሃኑ ፊት ለፊት ቁሙ፤ ድንጋዩ የሚያብለጨልጨው ያኔ ብቻ ነው፣ ጀርባችሁን ለብርሃን ከሰጣችሁ ድንጋዩ ዝም ይላል። ኩሬ ካገኛችሁ ስልኩን ገልብጣችሁ ሌንሱን ወደ ውኃው አውርዱት፤ ሁለት ጣት ያህል ከፍታ ላይ ሲሆን የሰማዩና የግድግዳው ነጸብራቅ ኩሬውን ይሞላዋል። ማምሻውን በቆሎ የምትጠብስ ሴት ካለች ከሰሉ ላይ ሳይሆን በከሰሉ በበራው እጇ ላይ ነክታችሁ -1 አጨልሙ። ስልኩ ራሱ ያሻሽለው ብላችሁ ከተዋችሁት ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል።

መብራት ሲጠፋም አንድ ዕድል ነው። አንድ ሻማ ወይም አንድ ጧፍ፣ አንድ ፊት፤ ርቀታቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል። ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፉ፣ የ3 ሰከንድ ቆጣሪ አብሩ፣ ሰውየው እስትንፋሱን ያዝ ያድርግ። ሻማውን ራሱን ከፎቶው ብታስወጡትና ብርሃኑ ብቻ ቢቀር ይመረጣል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ሥር ፎቶው ላይ ጥቋቁር አግዳሚ መስመሮች ይወጣሉ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ስታደርጉት መስመሩ ይጠፋል። አሜሪካ ያላችሁ 1/60 ወይም 1/120።

ዓይን ማለማመጃ

ቤታችሁ በር ላይ ቁሙና በማንኛውም አቅጣጫ ሃያ ርምጃ ሂዱ። ከዚያ ክልል ሳትወጡ ለ15 ደቂቃ አሥር ፎቶ ብቻ አንሱ፤ ዙም የለም፣ መሰረዝ የለም። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ዛሬ ጥላ፣ ነገ እጆች፣ ከነገ ወዲያ የሚንጠለጠል ነገር። ብዙ አሠልጣኞች በቀለም ያስጀምራሉ፤ ጥላ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጥላን የፈለገ ሰው ሳይወድ በግድ ብርሃኑን ያያል። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ፎቶዎች ማንም የሚያነሳቸው ናቸው፤ አሥር የተባለው እነሱን ለመጨረስ ነው።

ሌላው ዘዴ መንገድ ላይ ይሠራል። ዕቃ ወይም ሰው አትፈልጉ፤ ያማረ ብርሃን ያረፈበትን ግድግዳ ፈልጉ። ፎከሱንና ብርሃኑን እዚያ ላይ ቆልፉና ጠብቁ። ውኃ የተሸከመች አህያ፣ ደብተር ያንጠለጠለ ተማሪ፣ ጋቢ የለበሱ አዛውንት፣ ማንም ይለፍ፤ እግራቸው ሲከፈት ተጫኑ። በሦስት የተከፈለው የስክሪን መስመር የሚጠቅመው ቋሚና አግዳሚውን ለማስተካከል ነው፤ የተንጋደደ የግድግዳ መስመር ሌላውን ሁሉ ያበላሻል።

የሚሄድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ጥርት ብሎ ዙሪያው እንዲንሸራተት ከፈለጋችሁ ሹተሩን 1/20 አድርጋችሁ ስልኩን ከመኪናው ጋር እኩል አዙሩ። በቀትር አይሞከርም፤ የስልክ ሌንስ ቀዳዳው ስለማይጠብ በዚህ ፍጥነት ሁሉም ይነጣል። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ማታ ይሁን። ከአሥሩ አንዱ ከያዘ ጥሩ ነው።

ሰው ሲነሳ

ፈቃድ ጠይቁ። ጉሊት ላይ መጀመሪያ አንድ መደብ ሽንኩርት ግዙ፤ ከዚያ «እማማ፣ ቲማቲሙን ላንሳው?» በሉ። ዕቃውን ማስፈቀድ ፊትን ከማስፈቀድ ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ራሱ ይመጣል። ትልልቅ ሰዎችን «አባባ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ብሎ ስልኩን ዝቅ አድርጎ መጠየቅ እንጂ ስልኩን ደቅኖ መጠየቅ ነውር ነው። ሲፈቅዱ ወዲያው ልብስ ያስተካክላሉ፣ ፊታቸው ይኮሳተራል፤ ሁለት ሦስት እንደዚያው አንሱና ወሬ ጀምሩ፤ የምትፈልጉት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ያነሳችሁትን አሳዩ፤ ስልክ ካላቸው ላኩላቸው። ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ አታንሱ፤ የሚለምን ሰው አታንሱ። ወታደር፣ ፖሊስ፣ ኬላ፣ ጥበቃ ያለበት መሥሪያ ቤት በፎቶው ዳር እንኳ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ስልካችሁን ልታጡ ትችላላችሁ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ግቢ ውስጥ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት የሚመለከተውን ጠይቁ፤ ጸሎት ላይ ያለ ሰው ግን ባይነሳ ይሻላል።

መምረጥና ማስተካከል

በዚያው ቀን አትምረጡ። ሁለት ቀን አሳድሩና ከአሥሩ አንዱን አስቀሩ። ስናፕሲድ ወይም ላይትሩም ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፤ ማቅናት፣ መቁረጥ፣ ደማቁን ክፍል ወደ -20፣ ጥላውን ቢበዛ ወደ +15፣ ከዚያ ቀለሙ ከእውነቱ ከራቀ ብቻ ሙቀቱን ማስተካከል። የቀለም ማድመቂያውን አትንኩት፤ በርበሬው ፕላስቲክ ይሆናል። ጥላውን ከልክ በላይ ካበራችሁት ደግሞ የበሩ ብርሃን የሠራላችሁን ጨለማ መልሳችሁ ትደመስሱታላችሁ፤ ፊቱም በጥቃቅን ነጠብጣብ ይሞላል።

ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ለስክሪን ይበቃል፤ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር በጥራት ለማሳተም ግን 1200 በ1800 ፒክስል ያስፈልጋል። ስለዚህ ለማተሚያ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ። ፎቶ ቤቱ ማሽኑ ላይ ያለውን ራስ ሰር ማስተካከያ እንዲያጠፋ ንገሩት፤ ካላጠፋው ጀበናውንም ፊቱንም ያነጣዋል። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሳትማችሁ ደጅ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። የስልክ ስክሪን ከውስጥ ስለሚያበራ ወረቀቱ ሁልጊዜ ጠቆር ይላል፤ ብርሃኑን በ+0.3 አካባቢ ከፍ አድርጉና ከዚያ የቀሩትን እዘዙ።